ከባልንጀሮችህ ጋር ፎቶ ቤት ለምትከፍት ልጄ

ልጄ፣ ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ልትከፍት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ካሜራው ስንት እንደፈጀ በዝርዝር ነገርከኝ። ጓደኞችህ ከየት እንደመጡ ስጠይቅህ ግን «ጎበዞች ናቸው» ብለህ አለፍከው። ይህ መልስ አይሆነኝም። ቁጭ በልና ስማኝ።

1. ከካሜራው በፊት ባልንጀራህን እወቅ። ማን አሳደገው? ሙያውን ከማን ተማረ? ማንን ይጦራል? እኛም ፎቶ ቤት ስንከፍት ሦስት ነበርን፤ አንዱ ድቁና የተማረ፣ አንዱ ከደባርቅ የመጣ የበቅሎ ነጂ ልጅ፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ እናቴ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ። ሰው ፎቶ የሚያነሳው ባደገበት ዓይን መሆኑ የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው።

2. ሥራውን እንደ አስተዳደጋችሁ ተካፈሉ። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ጎንደሩ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ዲያቆኑ የት እንደሚቆም፣ መቼ ካሜራውን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚነግረው አላስፈለገውም። በማግስቱ ጠበሉ ተባርኮ ወጣቱ ወደ ውኃው ከመዝለሉ በፊት ቦታውን ይዞ ይገኛል። የደባርቁ ልጅ ደግሞ ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ሜዳው እንደሚወጣ ከልጅነቱ ያውቃል። ስሜን ተራሮች የወጣን ዕለት እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ መንጋውን ስፈልግ፣ እሱ መውጫው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቅ ነበር። እኔን ሒሳብ ላይ አስቀመጡኝ። ተከፋሁ፤ ግን ልክ ነበሩ።

3. ከጓደኞችህ አንዱ የፎቶ አንሺ ልጅ ነው አሉኝ። አትቅናበት፤ ጠይቀው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም በተራቸው ሙያውን ይዘው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ያያል፦ የተቆጣ ደንበኛ እንዴት እንደሚበርድ፣ የሚፈራ ሰው ከካሜራ ፊት እንዴት እንደሚፍታታ። እኔ አባቴ ካሜራ ነክቶ አያውቅም። የተማርኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም እያጠብኩ ነው፤ ስለዚህ ዛሬም አንዲት ጉርድ ፎቶ እንኳ ብርሃኑን ሳላይ አላነሳም።

4. ገንዘቡን በወረቀት አስፍሩ። ሳይቆጠር ያደረ የጋራ ብር ያናክሳል። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ሽርክና ማኅበር የሚለውን አንብቡ፤ ካልገባችሁ የሚያውቅ ጠይቁ። የደባርቁ ባልንጀራችን በየሳምንቱ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ትርፉ ይቀመጥ እል ነበር። ስግብግብ አልኩት፤ ሰው ፊት። አባቱ ሞቶ አምስት ታናናሾቹን የሚያበላው እሱ እንደነበር ያወቅሁት ከተለያየን በኋላ ነው። ምነው ቀድሜ ጠይቄው ቢሆን! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

5. መለያየትን ገና ስትጀምሩ ተነጋገሩበት። እኛ ነጋቲቩን ማን ይውሰድ ስንባባል ሣጥኑ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ከረመ። መስከረም ላይ ስንከፍተው ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የስንቱ ሠርግ፣ የስንቱ ሟች ፊት አብሮ ጠፋ። የናንተ ሣጥን ሃርድ ዲስክና የይለፍ ቃል ነው፤ ሁለት ቅጂ ይኑረው፣ የማን እንደሆነም ይጻፍ።

ከተራ ሳይደርስ ሁለቱን ጓደኞችህን ይዘህ ቤቴ ና። ቡና አፈላለሁ፤ ሦስታችሁም ከየት እንደመጣችሁ እየተነጋገራችሁ ውሉን እዚያው ትጽፋላችሁ።