ከቀለሙ በፊት ውኃው፦ ባለቀለም ሽሪምፕ በቤት ውስጥ አኳሪየም

ሽሪምፕ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ሽሪምፕ እንደ ሸርጣን ሁሉ ባለ አሥር እግር የውኃ እንስሳት ወገን ነው። በውስጡ አጥንት የለውም፤ ሰውነቱን ደግፎ የሚይዘው ከላይ የሸፈነው ቅርፊት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለምግብ የሚቀርበውን የባሕር ሽሪምፕ ነው። በቤት አኳሪየም (የውኃ እንስሳትና ተክሎች በሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ) የሚያዘው ግን ጨው በሌለው የጅረትና የሐይቅ ውኃ የሚኖር ትንሽ ዝርያ ነው።

ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ኒዮካሪዲና የተባለው ነው። መገኛው ምሥራቅ እስያ፣ በተለይም ቻይናና ታይዋን ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1 እስከ 2 ዓመት ይኖራል። በፊት እግሮቹ ጫፍ ላይ ጥቃቅን የብሩሽ ፀጉሮች አሉ። በእነዚህ ድንጋዩንና ቅጠሉን እየጠረገ አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽፋን) እና በዓይን የማይታዩ ሕዋሳትን ሲለቅም ይውላል።

ቀለሙ ከየት መጣ?

በተፈጥሮ የሚገኘው ኒዮካሪዲና ቡናማ፣ ግማሽ በግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ይህ መልክ ከዓሣ ዓይን ይሰውረዋል። ዛሬ የሚታዩት ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ዘሮች የተገኙት አርቢዎች ቀለማቸው የደመቀውን እየለዩ በተከታታይ ትውልድ በማዳቀላቸው ነው። ቀዩ ቼሪ በሚል ስም ይታወቃል። በአንድ ዘር ውስጥ ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከወንዱ ትልቃለች፤ ቀለሟም ይበልጥ የጠለቀ ነው።

አብዛኞቹ የኒዮካሪዲና ቀለሞች የአንድ ዝርያ አባላት ስለሆኑ እርስ በርስ ይራባሉ። ቀዩና ሰማያዊው በአንድ ገንዳ ሲቀመጡ ከጥቂት ትውልድ በኋላ አብዛኛው ግልገል ወደ ቀድሞው ቡናማ መልክ ይመለሳል። ቀለሙን ጠብቆ ለማቆየት በአንድ ገንዳ አንድ ቀለም ብቻ ይያዛል።

ቀለም የእንስሳውን ሁኔታም ያሳያል። ከቦታ ቦታ የተዘዋወረ ሽሪምፕ ለጊዜው ይገረጣል፤ ሲረጋጋም ይደምቃል። ነጭ አሸዋ ቀለሙን ሲያደበዝዝ ጥቁር አሸዋ ያጎላዋል።

የትኛው ዝርያ ለየትኛው ውኃ ይስማማል?

ውኃ በሦስት ነገሮች ይለካል። የመጀመሪያው ሙቀቱ ነው። ሁለተኛው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ሲሆን 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይ ይባላል። ሦስተኛው ጠጣርነት፣ ማለትም በውኃው የሟሟ የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ነው። ጥቂት ማዕድን ያለው ውኃ ለስላሳ፣ ብዙ ያለው ጠጣር ይባላል።

ኒዮካሪዲና ሰፊ ልዩነትን ይችላል፤ ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 8፣ ሙቀቱ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ፣ መጠነኛ ጠጣርነት ባለው ውኃ ይኖራል። ስለዚህ ለጀማሪ ይመረጣል። በጃፓን ሂሳያሱ ሱዙኪ የተባሉ አርቢ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስገኙት ቀይና ነጭ ዝንጉርጉሩ ክሪስታል ቀይ ግን ለስላሳና በመጠኑ አሲዳማ፣ ከ24 ዲግሪ ብዙም የማይበልጥ ውኃ ይፈልጋል። በኢንዶኔዥያ ከሱላዌሲ ደሴት ሐይቆች የመጡት ደግሞ በተቃራኒው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀና አልካላይ ውኃ ካላገኙ አይኖሩም።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ አስቀድሞ የቤቱ ውኃ ይለካል፤ ዝርያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃን ለእንስሳው ሲባል በየጊዜው ማስተካከል አድካሚ ነው፤ ውጤቱም መዋዠቅ ነው። ሽሪምፕ ደግሞ ፍጹም ካልሆነ ውኃ ይልቅ የሚዋዥቅ ውኃ ይጎዳዋል።

ገንዳው ለምን አስቀድሞ ይዘጋጃል?

ከእንስሳው እዳሪና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ውሕድ ይወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዛማ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይቀይረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድባቸው ይችላል። ሽሪምፕ የሚገባው አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆናቸው በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ገንዳው ቢያንስ 20 ሊትር ቢይዝ ይመረጣል፤ ብዙ ውኃ ሙቀቱም ይዘቱም ቶሎ አይለወጥም። ለማጣሪያ ስፖንጅ ይስማማል። ጥቃቅን ግልገሎችን አይስብም፤ በላዩ የሚበቅለው የሕዋሳት ሽፋንም ምግብ ይሆናቸዋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስለሚኖረው ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በማርከሻ ይታከማል።

ጤናማ ሽሪምፕ በምን ይለያል?

ጤናማ ሽሪምፕ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ እግሮቹም አንድ ነገር ሲለቅሙ ይታያሉ። በአንድ ጥግ ደርቆ የቆመ፣ ወይም ሥጋው እንደ ወተት የነጣ ሽሪምፕ አይመረጥም። ሙሉ በሙሉ ካደገው ይልቅ ወጣቱ ይሻላል፤ ቀሪ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከአዲስ ውኃም ቶሎ ይላመዳል። 10 ያህል አብሮ መግዛት ወንድና ሴት የመገኘታቸውን ዕድል ያሰፋል።

ወደ ቤት የመጣው ሽሪምፕ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አይጨመርም። ከነውኃው በንጹሕ ዕቃ ይገለበጥና የገንዳው ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ ይወርድለታል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የሚወስደው ይህ ዘዴ ሰውነቱ የማዕድኑንና የሙቀቱን ልዩነት ቀስ በቀስ እንዲለምድ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቅርፊቱን ለምን ይቀይራል?

ቅርፊት ከሥጋው ጋር አያድግም። ስለዚህ ሽሪምፕ ልብሱ እንደጠበበው ልጅ አሮጌውን ማውለቅ ይኖርበታል። አዲሱ ቅርፊት አስቀድሞ ከሥር ይዘጋጃል። ከዚያ አሮጌው በጀርባ በኩል፣ የፊተኛው ክፍል ከጅራቱ በሚገናኝበት ቦታ ይከፈታል፤ እንስሳውም ተስፈንጥሮ ይወጣል። የተረፈው ባዶ ቅርፊት ዓይኑና ጢሙ ሳይቀር ስለሚታይ የሞተ ሽሪምፕ ይመስላል። መለያው ጥራቱ ነው፦ ቅርፊቱ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ የሞተው ግን ይደፈርሳል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ሮዝ ያደላል።

አዲሱ ቅርፊት እስኪጠና ድረስ ሽሪምፑ በተክል ሥር ይሸሸጋል። ለማጠንከር ካልሲየም ስለሚያስፈልገው የተጣለውን ቅርፊት መልሶ ሊበላው ይችላል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ከገንዳው አይወጣም። ማዕድን ሲያንስ ወይም ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ቅርፊቱ በአግባቡ ሳይከፈት ይቀርና አንገቱን የከበበ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ይህ በአብዛኛው በሞት ያበቃል። በመሆኑም በሳምንት ከገንዳው ውኃ ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ ይቀየራል።

ምን ይመገባል? ምንስ ይጎዳዋል?

ተክል በበዛበት ገንዳ ዋናው ምግብ በራሱ ይበቅላል። ለተጨማሪ ለጥቂት ደቂቃ የተቀቀለ ስፒናች ወይም ዙኩኒ፣ አለዚያም ለሽሪምፕ የተሠራ ደረቅ ምግብ በትንሹ ይሰጣል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተበላው ደረቅ ምግብ ይወጣል፤ ትራፊው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናልና።

መዳብ በትንሽ መጠን እንኳ ሽሪምፕን ሊገድል ይችላል። አንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶችና የተክል ማዳበሪያዎች መዳብ ስላላቸው መግለጫቸው ሳይነበብ ገንዳው ውስጥ አይጨመሩም። ፀረ ተባይ የተረጨበት አትክልትም አይሰጥም። አብዛኛው ዓሣ ወደ አፉ የሚገባለትን ሽሪምፕ ይበላል፤ እርባታ የተፈለገ እንደሆነ ሽሪምፑ ለብቻው ይያዛል።

እንዴት ይራባል?

ከመራባቷ በፊት በሴቷ ጀርባ ላይ፣ ከራሷ በስተኋላ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይታያል፤ በሰውነቷ ውስጥ እያደገ ያለው ዕንቁላል ነው። ከተራባች በኋላ 20 ወይም 30 ያህሉን ከጅራቷ ሥር ይዛ በመዋኛ እግሮቿ ታራግባቸዋለች፤ ይህም አየር ያደርስላቸዋል፤ ከሻጋታም ይጠብቃቸዋል። እንደ ሙቀቱ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ወላጆቻቸውን የመሰሉ ጥቃቅን ግልገሎች ይፈለፈላሉ። አልጌ በመብላት የታወቀው አማኖ ሽሪምፕ ግን እጮቹ ጨዋማ ውኃ ስለሚሹ በተራ ገንዳ ውስጥ አይበዛም።

ውኃው ከተስማማው ኒዮካሪዲና በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዳውን ሊሞላ ይችላል። ትርፉ ለሌላ አርቢ ይሰጣል እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይለቀቅም። ከመገኛው ውጭ፣ ለምሳሌ በሃዋይና በጀርመን፣ በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ተራብቶ ተገኝቷል። ብዙ ዓይነት ውኃን መቻሉ ለቤት ተመራጭ ያደርገዋል፤ ያው ችሎታው በማያውቀው ወንዝ ውስጥ የነባሮቹን እንስሳት ምግብና ቦታ ለመሻማት ያስችለዋል።