ያለፈ ልማድ በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚነገር

«ነበር» የምትባለው ቃላችን እንግሊዝኛ የሚማረውን ልጅ እጅግ ታስቸግረዋለች። በአማርኛ «አባቴ ይህን መሬት ያርስ ነበር» ስንል ነገሩ ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው፥ በዚያች ሰዓት በማረስ ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ሁለተኛው፥ በየዓመቱ ማረስ ልማዱ ነበረ ማለት ነው። እኛ ከነገሩ አካሄድ እንለየዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ልዩ ልዩ አነጋገር አለው።

ለመጀመሪያው «ማይ ፋዘር ዎዝ ፕላዊንግ ዚስ ላንድ» ይባላል፤ ለሁለተኛው «ማይ ፋዘር ዩስ ቱ ፕላው ዚስ ላንድ» ይባላል። የሽማግሌ የምስክርነት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ሁለቱ ቢለዋወጡ፥ የብዙ ዘመን እርሻ የአንድ ቀን ሥራ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ አስተማሪ ይህን ነገር አቅልሎ ሊያልፈው አይገባም።

፩ኛ፤ «ዩስ ቱ» ቀድሞ የተዘወተረን ሥራ ወይም የቆየን ኑሮ ይገልጻል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ነገሩ ዛሬ እንደ ቀረ ያሳስባል። አባትየው ዛሬም የሚያርስ ከሆነ ሌላ አነጋገር መምረጥ ይገባል። ሲጻፍ በመጨረሻው «ዲ» የሚባለው ፊደል አለበት፤ ሲነገር ግን አይሰማም። በጥያቄና በአሉታ ጊዜ «ዲድ» ስለሚቀድም ይህ ፊደል ይቀራል፤ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ራሱ ይዞታልና።

፪ኛ፤ «ዉድ» ለሚደጋገም ሥራ ብቻ ነው፤ «ኤቭሪ ሰመር ሂ ዉድ ጎ ቱ ዘ ሪቨር» እንዲሉ። ለመኖር፥ ለማወቅና ለመውደድ ግን አይሆንም። «ጎንደር ይኖር ነበር» ለማለት «ሂ ዩስ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» ይባላል። ደግሞም «ዉድ» ጊዜው አስቀድሞ ካልተነገረ «ቢጠሩኝ እመጣ ነበር» እንደሚለው ያለ የሁኔታ ንግግር ይመስላል።

፫ኛ፤ የተቈጠረ ነገር ሲሆን ተራው ኀላፊ ጊዜ ይበቃል። «ሦስት ጊዜ ሄደ» ለማለት «ሂ ዌንት ስሪ ታይምስ» ይባላል፤ «ዩስ ቱ» አይገባበትም።

፬ኛ፤ «ሂ ኢዝ ዩስ ቱ ፕላዊንግ» ማለት ማረስ ለምዷል፥ አይከብደውም ማለት ነው እንጂ ቀድሞ ያርስ ነበር ማለት አይደለም። «ኢዝ» የምትለው ቃልና በግሡ መጨረሻ ያለው «ኢንግ» ይለዩታል።

ለልምምድ እንዲሆን፥ ተማሪዎች የመንደራቸውን ሽማግሌዎች ስለ ቀድሞ እርሻና ገበያ ጠይቀው ዐሥር ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፉ። አስተማሪው በያንዳንዱ ላይ፥ «የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የዘወትር? ሥራ ነው ወይስ ኑሮ? ዛሬስ ቀርቷልን?» እያለ ይጠይቅ። ተማሪው ይህን ሳይመልስ ወደ እንግሊዝኛ መተርጐም አይጀምር።