ቃሉ አንድ፣ ቤቱ ሁለት

ልጄ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት የያዝከውን ፊዚክስ አንግበህ እናትህን ስታርም ሰማሁህ። እኔም ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ነኝና ቁጭ በል፣ ጥቂት ልንገርህ።

1. ለደከመው ሰው የመጽሐፉን "ሥራ" አትንገረው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ደጄ ቆሞ በዋጋ ተከራከርን። እኔ ሞኙ ቀልድ መስሎኝ "በፊዚክስ እኮ ዝም ብለህ ስትቆም ሥራ አልሠራህም" አልኩት። ጤፉን እግሬ ሥር ጣለውና "ሥራ ካልሆነ ራስህ አስገባው" ብሎኝ ሄደ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። መቶውን ኪሎ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ሲያነሣው 1,470 ጁል ያህል ሠርቷል፤ ተሸክሞ ሲቆም ግን ጤፉ ንቅንቅ ስለማይል በጤፉ ላይ የሠራው ዜሮ ነው። ጡንቻው ግን አላረፈም፤ ሲኮማተርና ሲላላ የበላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ላቡ ከየት የመጣ መሰለህ?

2. "ብርድ ገባ፣ በሩን ዝጋ" ስትባል ዝጋ። ብርድ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፣ ሙቀት ነው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው የሚሄደው። ይህን ከዘጋህ በኋላ አስረዳ።

3. ፈተና ላይ ደግሞ የመንደሩን ስም አትመን። አንድ ተማሪዬ የሌሊት ወፍ እንቁላሏን እንዴት እንደምትታቀፍ ግማሽ ገጽ ጽፎልኛል፤ ጽሑፉ ያምራል፣ ነጥቡ ዜሮ ነው። የሌሊት ወፍ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። አሣ ነባሪም እንዲሁ፤ ለመተንፈስም ከውኃው ብቅ ማለት አለበት። ስም ያወጡት አባቶች የሚበርረውንና የሚዋኘውን አዩ እንጂ ጡቱን ማን ገልጦ አየ?

4. ስለ ቲማቲም አትጨቃጨቅ፣ ፍርድ ቤት ደርሶ አልቋል። በአሜሪካ በ1883 የወጣው የቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ አሥር በመቶ ሲጥል ፍራፍሬን ማረ። ቲማቲም አስመጪዎች "ዘር ያዘለ ፍሬ ነው፣ ቀረጣችንን መልሱ" ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1893 በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ መሆኑን አልካደም፤ ሰው የሚበላው ግን ከዋናው ምግብ ጋር ነውና አትክልት ነው ብሎ ፈረደ። እኛም ብንሆን የምንቆላውን "የቡና ፍሬ" እንላለን፤ እሱ ዘሩ ነው፣ ፍሬውማ ዛፉ ላይ የሚቀላው ሙሉው ነው።

5. ሥጋ ስትገዛ በኪሎ ግዛ። ትምህርቱ ኪሎን ለመጠነ ቁስ፣ ኒውተንን ለክብደት ይሰጣል፤ ሁለት ኪሎው ወደ 20 ኒውተን ይከብዳል። አንድ ጊዜ ባለ ሥጋ ቤቱን "20 ኒውተን ስጠኝ" ብለው ቢላዋውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና "ከነአጥንቱ ነው?" አለኝ።