ከኤዲስቶ ወንዝ የመጣች መዥገር

ጥያቄ፦ በደቡብ ካሮላይና ከጓደኞቼ ጋር በኤዲስቶ ወንዝ ላይ በታንኳ ስንቀዝፍ ውለን፣ ዛፍ ላይ በተሠራ ጎጆ አደርን። ጠዋት ከጉልበቴ ጀርባ መዥገር ተጣብቃ አገኘሁ። ጓደኞቼ «በክብሪት እናስለቅቃት» ቢሉም በጣቴ ነቀልኳት። ሦስት ቀኔ ነው፤ ምን ላድርግ?
ከአትላንታ

መልስ፦ ክብሪቱን እምቢ በማለትዎ ደግ አደረጉ። እሳትም ሆነ ቫዝሊን አይረዳም። ከጣት የሚሻለው ወረንጦ ነው፤ ቆዳው አጠገብ ይዘው፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቧታል፣ ቦታውንም በሳሙና ይታጠባሉ። መዥገር የምትይዘው ከውሃው ሳይሆን ከዳርቻው ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ ምናልባት ታንኳውን ወደ ጎጆው ስትጎትቱ ይሆናል።

የተነከሱበትን ቀን ይመዝግቡ። በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም ሽፍታ ከታየብዎ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስለ መዥገሯም ሳይነግሩ አይውጡ። በዚያ አካባቢ መዥገር የምታስተላልፈው የሮኪ ማውንቴን ትኩሳት ሽፍታም ሆነ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በዶክሲሳይክሊን መታከም ያለበት አደገኛ በሽታ ነው።

ክትፎ ወዳድ ከሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ሎን ስታር የተባለችው መዥገር አንዳንዱን ሰው ለቀይ ሥጋ አለርጂ ትዳርጋለች። ሥጋ በበሉ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ሰውነትዎን ካሳከከዎ የአለርጂ ሐኪም ያማክሩ፤ ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ወዲያው 911 ይደውሉ።