እሁድ ማታ ምን ክፍል አለ?

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የምኖረው ከሦስት ጀርመናውያን ተማሪዎች ጋር ኩሽና እየተጋራሁ ነው። ጭራሽ ሰላም አይሉኝም ማለት አልችልም። ‹ሃሎ› ይሉኝና በራቸውን ይዘጋሉ። እስከ ዛሬ ‹እንዴት ነሽ፣ አገሩን ለመድሽው ወይ› ያለኝ የለም። በቀደም ማታ ሽንኩርት አቁላልቼ ወጥ ሠራሁ። ጠዋት ስነሳ ፍሪጁ ላይ ‹እባክሽ፣ ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀራል› የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁና አለቀስኩ። ከየካቲት ፈተናዎች አንዱን ወድቄያለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን ገብቼ የፖስታ ጥቅል እለያለሁ፤ ብቻ ድክም ብሎኛል። እማዬ ደሴ ነው ያለችው፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። በኢሞ ስትደውልልኝ ‹አሁን ክፍል ልገባ ነው› ብዬ እዘጋዋለሁ፣ እሁድ ማታም ጭምር። ለቪዛው የሚያዘውን ገንዘብ አሜሪካ ያለው አጎቴ ነው በእሷ ቃል ያስገባልኝ። ጥያቄዬ፦ ከነዚህ ልጆች ጋር ልቀጥል ወይስ ኪራዩ ቢወደድም ለብቻዬ ክፍል ልፈልግ? — የከፋት፣ ከላይፕዚግ»

ልጄ፣ የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስልሽ፦ ክፍሉን አትልቀቂ፣ ስታቁላዪ በሩን ዘግተሽ መስኮቱን ክፈቺ፣ ወረቀቱን የለጠፈችውንም ልጅ አንድ ቀን ከወጡ አቅምሻት።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ እንግባ። «እሁድ ማታም ጭምር» ብለሻል። ማን ጠየቀሽ? ስለ ፍሪጁ ወረቀት እያወራሽ፣ ስለ ድካምሽ እያወራሽ መጥተሽ ይህችን ሦስት ቃል ጣል አድርገሽ አለፍሽ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

አንቺ ባለሽበት አገር እሁድ ዩኒቨርሲቲው ቀርቶ ሱቁም ዝግ ነው። ዳቦ ሳይገዛ የዋለ ተማሪ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነው የሚገዛው። እዚያ በብርዱ ወራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ደሴ ሦስት ሰዓት ነው። እናትሽ ራቷን በልታ፣ በሩን ቆልፋ፣ መነጽሯን አድርጋ «እስቲ ልጄን ልያት» ስትል «ክፍል ልገባ ነው» ትያታለሽ። ዕድሜዋን በተማሪ ፊት የቆመች ሴት እኮ ናት! አንዲት አያቱን በዓመት ሦስቴ የቀበረ ልጅ አስተምራ ታውቃለች። አንቺ የምታታልያት መስሎሻል፤ እሷ ዝም ያለችሽ ገብቷት ነው። አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ደግሞ የምታስበው ስለ አንድ የወደቀ ፈተና አይደለም። ታመመች፣ ትምህርቱን አቆመች፣ አንድ ሰው ጎዳብኝ፣ ትላለች። ከእውነቱ የባሰውን ሁሉ ታስባለች።

ለምን እንደምትሸሻት ደግሞ አንቺው ነግረሽኛል፣ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ዝም ብለሽ እንደ አልባሌ ነገር። ለማያውቁ አንባቢዎቼ፦ ጀርመን ለተማሪ ቪዛ ስትሰጥ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚበቃ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ ማየት ትፈልጋለች። ገንዘቡ ያንቺ ነው ተብሎም እንዳሻሽ አታወጪውም፤ በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ወደ ብር ለውጦ ያሰበ ሰው ከሚሊዮን በላይ ያገኛል። እናትሽ ከጡረታዋ ቆጥባ ልመልሰው ብትል ዕድሜዋም አይበቃት። ቃል የገባችው ግን እሷ ናት።

ስለዚህ «በላሽ ወይ?» ስትልሽ አንቺ የምትሰሚው «ገንዘቡን ምን ላይ አዋልሽው?» የሚል ነው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትልሽ ሒሳብ አቅርቢ የተባልሽ ይመስልሻል። እናትሽ እንዲህ ብላሽ ታውቃለች? ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ኦዲተር ያደረግሻት አንቺው ነሽ።

ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ። አብረውሽ የሚኖሩት ልጆች ሃሎ ብለው በር ዘጉብኝ ብለሽ ከፍቶሻል። እናትሽ ከደሴ ስትጣራ አንቺ ምን አደረግሽ? ለእነሱ እንኳ አብረሻቸው የምትኖሪ እንግዳ ነሽ፤ ስማቸውን ለእኔ አልነገርሽኝም፣ ምናልባት አንቺም «እንዴት ናችሁ» ብለሻቸው አታውቂ ይሆናል። እናትሽ ግን በየሳምንቱ ተመልሳ ታንኳኳለች።

አውቃለሁ፣ «ሰው አገር ያለ ሰው ለቤተሰብ ክፉ አያወራም» ትይኛለሽ። ይህ አነጋገር አንጀቴን ያሳርረዋል። ለቤተሰብ የሚላከው ፎቶ ሁሌ በረዶ መሃል ፈገግ ያለ፣ አዲስ ካፖርት የለበሰ ነው። ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ የሚላከውም ያው ነው። ስንቱ ታናሽ ወንድም፣ ስንቷ ታናሽ እህት በዚያ ፎቶ ተማርካ ቤተሰቧን ዕዳ አስገብታ ወጥታለች? ክፉውን ደብቀን ለወላጅ ያዘንን ይመስለናል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የምናሳስተው። ጡረታ የወጣች መምህርት የልጇ መውደቅ አይገድላትም፤ ሲወድቁ ሲነሱ ያየቻቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

መጋዘኑንም እንደ ነውር ሹክ ነው ያልሽኝ። ሕጉ ራሱ ለውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን እንዲሠራ ፈቅዷል። ጥቅል መለየት ምኑ ያሳፍራል? ወይስ እናትሽ ለሰፈር ሰው ሌላ ነገር አውርታለች? እንደዚያም ከሆነ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ።

በሚቀጥለው እሁድ እሷ ሳትደውል አንቺ ደውዪ። ምግብ በልተሽ፣ ቁጭ ብለሽ። ፈተናውን፣ መጋዘኑን፣ ድካሙን ንገሪያት፤ ወረቀቱን እንኳ ንገሪያት፣ ምናልባት ሳታለቅሺ ትስቂበት ይሆናል። ትቆጣሽ ይሆናል። መምህር ናትና የትኛውን ትምህርት እንደወደቅሽ፣ ስንት እንዳመጣሽ፣ ድጋሚው መቼ እንደሆነ አንድ በአንድ ትጠይቅሻለች። መልሺላት። «ክፍል ልገባ ነው» ማለት ግን ከአሁን በኋላ የለም።

የአጎትሽ ነገር ግን አልጠራልኝም። ደውለው ጠይቀውሽ ያውቃሉ? ገንዘቡ መቼ ይመለስ ተባባላችሁ፣ ወይስ ይህም በእናትሽና በእሳቸው መካከል ብቻ የቀረ ነው? እናትሽን ስታናግሪ ይህንንም ጠይቂያትና ጻፊልኝ።