የውቅያኖስ አዙሪትና የፕላንክተን ግጦሽ

ጥያቄ፦ የውቅያኖስ አዙሪት ፕላንክተን እንዲበዛ የሚያደርገው እንዴት ነው?

መልስ፦ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር አዙሪት መሐሉ ላይ ቀዝቃዛውን የጥልቀት ውሃ ወደ ላይ ያነሣል። ናይትሬትና ሲሊካም አብረው ይወጣሉ፤ ብርሃን በሚደርስበት ንብርብር ያሉት ደቂቅ አልጌዎች ይህን አግኝተው ይራባሉ። በሌላው አቅጣጫ የሚዞረው ሞቃቱን ውሃ ወደ ታች ስለሚጫን አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ድሃ ነው።

ጥሩ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2005 በሃዋይ ደሴቶች አቅራቢያ የተጠናው ኦፓል የተባለው አዙሪት ነው። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያሉ አዙሪቶችን የሚፈጥረው በማዊና በትልቁ ደሴት መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ነፋስ ነው። የኦፓል ገጽ ብዙም ለውጥ አላሳየም፤ ድግሱ የነበረው ከ70 እስከ 90 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት የለበሱ ዲያቶሞች ተትረፍርፈው ተገኙ። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ በላተኞች ከሥር ከሥር ስለሚግጧቸው እድገቱና ግጦሹ ተቀራረቡ። ወደ ጥልቁ በብዛት የሰመጠውም ባዶ ቅርፊት እንጂ ካርቦን አልነበረም።