ጣት ይመሰክራል፤ ምስክርነቱ ግን እስከ የት ነው?

ባንክ ስንሄድ፣ ፓስፖርት ስናወጣ፣ ለዑምራ ጂዳ ስንደርስ፣ በአንዳንድ መሥሪያ ቤትም የጠዋት ሰዓት ስንፈርም ጣታችንን በአንዲት ትንሽ መስታወት ላይ እናሳርፋለን። መሣሪያዋ አረንጓዴ ካበራች «አንተ አንተ ነህ» ተባልን ማለት ነው፤ ቀይ ካበራች ግን አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። ይህን ጉዳይ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ባነሳን ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንዱ «ሰው ይዋሻል፣ ማሽን ግን አይዋሽም» የሚል ነው። ሌላው ነገሩን ሁሉ እንደ ወጥመድ የሚያይ ነው። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች መሣሪያዋ በትክክል ምን እንደምትናገር አልጠየቁም። እርሷ የምትሰጠን ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በዲናችን ወሰን አለው፣ መስፈርት አለው፣ የሚመዘንበትም ሥርዓት አለው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ስለ አሻራ በተነሳ ቁጥር የሱረቱል ቂያማን 4ኛ አንቀጽ እየጠቀሱ «ቁርኣን ከሳይንስ ቀድሞ ተናግሮታል» የሚሉ ወንድሞች ብዙ ናቸው። አንቀጹ አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን የጣት ጫፎች ሳይቀር መልሶ ለማስተካከል ቻይ መሆኑን የሚያወሳ ነው። የጣት ጫፍ ተለይቶ መጠቀሱ እኔንም ያስደንቀኛል። ይሁን እንጂ የሱራው ርዕሰ ጉዳይ ትንሣኤ እንጂ የፖሊስ ምርመራ አይደለም፤ ቁርኣንን የመሣሪያ ማስታወቂያ ማድረግም አይገባንም።

እንግዲህ መሣሪያዋ እንዴት ትሠራለች? በጣት ጫፍ ቆዳ ላይ ያሉት መስመሮች አንዳንዴ ድንገት ይቆማሉ፣ አንዳንዴ እንደ መንገድ ለሁለት ይከፈላሉ። በተመዘገብንበት ዕለት መሣሪያዋ የእነዚህን ማብቂያዎችና መገንጠያዎች ቦታና አቅጣጫ ለይታ በቁጥር ታስቀምጣለች። ሌላ ቀን ስንመጣ አዲሱን ከቀድሞው ጋር ታስተያያለች። አንድ ጣት ግን ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ አያርፍም፤ አንዴ ጠበቅ ብሎ ይጫናል፣ አንዴ ያዘነብላል፣ አንዴ ላብ፣ አንዴ ድርቀት ይኖረዋል። ስለዚህ ውስጡ ያለው መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሳይሆን እንደ ፈተና ውጤት ያለ ቁጥር ነው። የማለፊያውን ነጥብ የሚቆርጠው መሣሪያውን የተከለው መሥሪያ ቤት ነው። ነጥቡን ዝቅ ካደረገው ባዕድ ሰው ሊያልፍ ይችላል፤ ከፍ ካደረገው ባለቤቱ ራሱ ይወድቃል። ሁለቱንም ስሕተት ባንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማለፊያ ነጥብ የለም። አረንጓዴና ቀዩ መብራት ይህን ሁሉ ስለሚሸፍኑት ነው ነገሩ እርግጠኛ የሚመስለን።

ሌላ መታወቅ ያለበት ልዩነት አለ። «ይህ ሰው እኔ አሕመድ ነኝ ይላል፤ እውነት አሕመድ ነውን?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። «ይህ ጣት ከመዝገቡ ሰዎች የማንኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል የተባለው ኩባንያ በስልኩ ላይ አሻራ ማንበቢያ ሲያወጣ የባዕድ ሰው ጣት በስሕተት የሚያልፍበት ዕድል ከ50,000 አንድ መሆኑን ገልጾ ነበር። ለአንድ ሰው ስልክ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ያንኑ ዓይነት መሣሪያ የ1 ሚሊዮን ሰው መዝገብ እንዲፈትሽ ብንሰጠው ግን በአማካይ 20 ባዕድ ሰዎችን «ይመስላሉ» ብሎ ያወጣልናል። ታላላቅ መዝገቦች በአንድ ጣት የማይወሰኑት ለዚህ ነው፤ የእኛው አገር ፋይዳም አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይንና የፊት ፎቶ ይወስዳል።

አሻራን ለአስተዳደር ሥራ ማዋል በዘመናችን አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1858 ቤንጋል ውስጥ ዊልያም ሄርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም አንድ የአገሩን ሥራ ተቋራጭ ውል ሲያዋውል መዳፉን በቀለም አስነክሮ በውሉ ላይ አሳተመው። አሻራው ሲበዛ ግን ከሺህ ወረቀት መካከል አንዱን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆነ። አሻራዎችን በየዓይነታቸው ከፋፍሎ የመፈለጊያውን ዘዴ በካልካታ ካበጁት ሁለት ሰዎች አንዱ ቃዚ አዚዙል ሐቅ የተባለ በሒሳብ የተካነ ሙስሊም ነበር፤ ሁለተኛው ሄም ቻንድራ ቦስ ነው። ዘዴው በ1901 ለንደን ስኮትላንድ ያርድ ሲገባ ግን የተጠራው በአለቃቸው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ነው። የሰውን ማንነት ለመለየት የተበጀ ዘዴ የራሱን ሠሪዎች ማንነት ይህን ያህል ዘመን መደበቁ ይገርመኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሰውን በአካሉ ምልክት መለየት ለፊቅህ ሊቃውንት እንግዳ ጥያቄ አይደለም፤ ቂያፋ ይሉታል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ለእኛ ለሐበሾች በጣም ቅርብ ነው። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ.) መልካቸው ነጣ ያለ ነበር። ልጃቸው ኡሳማ (ረ.ዐ.) ግን ጥቁር ነበሩ፤ እናታቸው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ናቸውና። ይህን ምክንያት አድርገው በዘር ሐረጋቸው ላይ የሚያሙ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን አባትና ልጅ ራሳቸውን ተከናንበው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ሳለ ሙጀዚዝ አል‐ሙድሊጂ የተባለ የቂያፋ ባለሙያ አያቸውና እግሮቹ አንዱ ከሌላው የተገኙ መሆናቸውን ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ተደስተው ገቡ።

ከዚህ ሐዲስ በመነሳት የማሊኪ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ ሊቃውንት የቂያፋን ምስክርነት ተቀብለዋል። ሐነፊዎች ግን አልተቀበሉትም፤ የኡሳማ ዘር በጋብቻው አስቀድሞ የጸና ነበር፣ የነቢዩም ደስታ የሐሜተኞቹ አፍ በመዘጋቱ ነው ይላሉ። በወሎ ሐሪማዎች ሁለቱም መዝሀብ ስለሚቀራ ደረሶች ይህን ክርክር ያውቁታል። ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተቀበሉት ሊቃውንት ያስቀመጡት መስፈርት ነው። የቂያፋ ባለሙያው በደፈናው አይታመንም፤ ይፈተናል። ኢብኑ ቁዳማ «አል‐ሙግኒ» በተባለው ሥራቸው ውስጥ ፈተናው እንዴት እንደሚደረግ ገልጸውታል። ልጁን መጀመሪያ ከአሥር ሰዎች ጋር ያቆሙታል፤ አባት ነኝ ባዩ ግን ከመካከላቸው የለም። ባለሙያው ልጁን ከአሥሩ ለአንዱ ከሰጠ ቃሉ ይወድቃል። ለማንም ካልሰጠ፣ አባት ነኝ ባዩ ካለባቸው ሃያ ሰዎች ጋር ያቀርቡለታል፤ ያን ጊዜ ከለየ ቃሉ ይጸናል።

አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ፈተና ባለሙያው «ከእነዚህ ማንም አይደለም» ለማለት መቻሉን የሚመረምር ነው። ዛሬ የአሻራ ማንበቢያ የሚመረምሩ መሐንዲሶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የባዕድ ሰዎችን ጣት እያቀረቡ ስንቱን በስሕተት እንደሚቀበል ይቆጥራሉ። ከዚያም የባለቤቶቹን እያቀረቡ ስንቱን በስሕተት እንደሚመልስ ይቆጥራሉ።

ይህ ፈተና ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ብራንደን ሜይፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ወንድማችን ቀምሶታል። መጋቢት 2004 (እ.ኤ.አ.) ማድሪድ ላይ ባቡሮች በቦምብ ከጋዩ በኋላ የስፔን ፖሊስ የፈንጂ ማቀጣጠያ ካለበት ከረጢት ላይ ያገኘውን አሻራ ለአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ላከ። ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ፈትሾ 20 ሰዎችን «ይመስላሉ» ብሎ አወጣ። ከእነርሱ አንዱ የኦሬጎኑ ጠበቃ ሜይፊልድ ነበር፤ ቀደም ሲል ወታደር ስለነበር አሻራው በመዝገብ አለ። እስልምናን የተቀበለና ግብጻዊት ያገባ ሰው ነው። የኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያዎች አሻራው የእርሱ መሆኑ መቶ በመቶ የተረጋገጠ ነው አሉ። ስፔኖች እንደማይስማሙ በሚያዝያ ወር ቢገልጹም በግንቦት ተይዞ ሁለት ሳምንት ታሰረ። በመጨረሻ ስፔኖች የአሻራውን ባለቤት አንድ አልጄሪያዊ ሆኖ አገኙት። ኤፍ.ቢ.አይ. ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2006 መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርት፣ ስሕተቱ በሃይማኖቱ የተነሳ እንዳልተጀመረ፣ ነገር ግን ጥያቄ ከተነሳ በኋላ ባለሙያዎቹ ውሳኔያቸውን በሚገባ መልሰው እንዳያጤኑ የሰውየው ሙስሊምነት ሳያግዝ እንዳልቀረ ገልጿል። ትክክለኛው ባለቤት ኮምፒዩተሩ ካወጣቸው ከሃያዎቹ ውስጥ አልነበረም። ትክክለኛው መልስ «ማንም አይደለም» ነበር፤ የኢብኑ ቁዳማ የመጀመሪያ ፈተና ማለት ይህ ነው።

ይህ የባዕዱ መያዝ ነው። ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ግን በየቀኑ የምናየው የተገላቢጦሹን፣ የባለቤቱን መመለስ ነው። አክስቴ ከአርባ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግረው የሸጡ ሴት ናቸው። የምጣዱ ትኩሳት፣ ሊጡና የዕቃ አጠባው የጣታቸውን መስመር ልጦታል። ባለፈው ዓመት በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ አራት ጊዜ ጣታቸውን ቢያሳርፉ አራቱንም ጊዜ አልታወቁም። ልጁ በትሕትና «እማማ፣ መሣሪያው እርስዎን አልተቀበለም፤ ሌላ ቀን ይምጡ» አላቸው። አክስቴም «ልጄ፣ እኔን ያልተቀበለኝ ብሬን ግን እንዴት ተቀበለው?» አሉት።

መልስ የሚያሳጣ ጥያቄ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ሁሉ እንደ አክስቴ ነው። ዕድሜ ሲገፋም ቆዳ ይደርቃል፣ መስመሩም ይሳሳል። እንግዲህ «አልተነበበም» ማለት «አይደለችም» ማለት አይደለም፤ ምስክሩ ዝም አለ ማለት ነው። የምስክር ዝምታ ደግሞ የሰው ሐቅ አይጥልም። በፊቅሃችን የጸና ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም፤ የአክስቴም ባለቤትነት በደብተራቸው፣ በፊርማቸውና በሚያውቋቸው ሰዎች የጸና ነው። ሌላ ጣት ወይም ዓይን መሞከር፣ ካልሆነም ኃላፊው ጠርቶ በሰነድና በሰው እንዲያረጋግጥ ማድረግ የባንኩ ግዴታ እንጂ ውለታው አይደለም። ከእኛ በኩል የሚደረግም አለ፤ ደረቅ ጣትን በውኃ አርሶ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። እህቶች ደግሞ ለመመዝገብ ሲያስቡ በዒድና በሠርግ ሰሞን የጣት ጫፋቸውን ሒና ባይነኩ ይሻላል፤ ብርሃን ተጠቅመው የሚያነቡትን መሣሪያዎች ቀለሙ ያስቸግራቸዋል።

የዓረብ አገር ተመላሾች ነገር ራሱን የቻለ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተባርሮ በሌላ ስም የሚመለስን ሰው በድንበር ላይ በዓይኑ ይለያል። ብዙ እህቶቻችን ደላላ ባወጣላቸው ስምና በተጨመረላቸው ዕድሜ ሄደው ያንኑ ፓስፖርት ይዘው ተመልሰዋል። መሣሪያዋ የምትመሰክረው ይህ አካል ያን ዕለት የተመዘገበው አካል ስለመሆኑ ብቻ ነው። ያን ዕለት የተነገረው ስም እውነት ስለመሆኑ ምንም አታውቅም። ከ2017 ዓ.ል. ወዲህ ባንኮች አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ፋይዳ መጠየቅ ስለጀመሩ፣ በደላላው ስም የተመዘገበች እህት ያ ስም ከጣቷ ጋር ተጣብቆ ይከተላታል። ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት ስሟን ማቃናት አለባት፤ ከተመዘገበች በኋላ ሁለት ስም ለአንድ ጣት ማስረዳት እጅግ ይከብዳታል።

የመጨረሻው ጉዳይ አማና ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን ቢሰረቅ አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተሰርቋል። የሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ከዚህ ይብሳል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2021 እንዳስታወቀው፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ለእርዳታ መታወቂያ ሲባል የተመዘገቡ ቢያንስ የ830,000 ስደተኞች ስም ከአሻራና ከሌላ መረጃ ጋር ሸሽተውት ለመጡት ለማያንማር መንግሥት ተላልፏል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ ብሎ ተከራክሯል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ካነጋገራቸው ስደተኞች ብዙዎቹ ግን አልተነገረንም ብለዋል። ለሩዝ የተሰጠ ጣት ለሌላ ነገር ዋለ ማለት ነው።

በአገራችን የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ሁለተኛው አዋጅ የአካል መለያን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መረጃዎች መድቦታል፤ ባለቤቱም መረጃውን የማየትና የማሳረም መብት አለው። እኔ እንደማየው ግን በየመስኮቱ ጣታችንን ስንሰጥ ለምን እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የአሠሪ መሥሪያ ቤት የሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራን ስንት ዘመን ያስቀምጣል? ሥራ ስንለቅ ይሰርዘዋልን? ኒቃብ ለምትለብስ እህት ደግሞ ጣት ከፊት ይልቅ ይቀላታል፤ በባንክ መስኮት ፊቷን ሳትገልጥ ማንነቷን ማረጋገጥ ትችላለችና። ለምዝገባው የፊት ፎቶ ሴት ሠራተኛ እንድታነሳት መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴዎች በየወረዳው ካሉት መዝጋቢዎች ጋር ተነጋግረው ለሴቶችና ለአረጋውያን ቀን ቢያስወስኑ ብዙ ሰው ከመንከራተት ይድናል። ጣቱ ስላልተነበበ ገንዘቡን የተከለከለ ሰው ለቅርንጫፉ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክት፤ ያመለከተበትን ቀን የያዘ ቅጂም በእጁ ያስቀር። መረጃዬ አለአግባብ ተላልፏል የሚል ደግሞ የሚያመለክተው በአዋጁ መሠረት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።